ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ሂርማታ መርካቶ፣ ከሚስማር ሻጩ ጎን፣
ጋሽ ሚፍታህ ልብ ወለድ ያከራይ ነበረ፤ ለሌሊቱ ሃምሳ ሳንቲም፣
«ዝናብ ከያዘህ ግን ሁለት ሌሊት ይሁን።»
ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ቁምጣዬ በጭቃ፣ መጽሐፉ በፌስታል፣
እኔ ብበሰብስም እሱ ደርቆ ይገባል።

የይርገዱን ታሪክ ያኔ ነው ያገኘሁት።
ሽፋን የለው፣ የደራሲው ስም አይታይ፣
ከፊቱ ስምንት ገጽ የለም፤ ከኋላው ስንት እንደሆን ማን ያውቃል፣
ለውዝ ተጠቅልሎበት ሄዷል አውቶቡስ ላይ።

ይርገዱ ባሏን ጥላ ልትወጣ ነው በሌሊት፣
ጫማዋን በብብቷ፣ መቀሷን በአንድ እጇ፤
የራሷ የሆነ ይኸው ነው ከዚያ ቤት።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻው መስመር፣
«እጇን ከመወርወሪያው ላይ አነሳችና» ይላል፤
ከ«ና» ወዲያ ወረቀት የለም፣
ክሩ ብቻ ቀርቷል።

አንዲት ፊደል ሦስት ቀን አላስተኛችኝም።
ሰው እንዴት «ና» ላይ ቆሞ ያድራል? ባልየው ቢነቃስ? ውሻው ቢጮህስ?
ሒሳብ ፈተና ላይ እንኳ ከዚያ በር አልወጣችልኝም።
ኋላ ነው የገባኝ፤ መስተጻምር አልነበረም፣
«ና» ብላ ነው የጠራችኝ፤
ከደብተሬ መሃል አሥራ ስድስት ገጽ ገንጥዬ
በሩን ከፈትኩላት፣ ተከተለችኝ።

ጅማ አመጣኋት። ሌላ ከተማ መች አውቃለሁ?
መናኸሪያ ስትወርድ ይዘንባል። (እዚህ ላይ አልዋሸሁም።)
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየሁላት፣
የስፌት መኪና ገዛሁ፣ በወር የሚከፈል፣ ፔዳሉ የሚያቃስት፤
ሀብታም ላደርጋት እችል ነበር፣ እስክሪብቶው የኔ ነው፤
አፈርኩላት።

በእናቴ መርፌ ሰፍቼ መለስኩት።
ጋሽ ሚፍታህ ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣
«ወፍሯል» አለ። ሌላ ምንም አላለ።

መጽሐፉ ዞረ። ቆጪ ሄደ፣ ጅሬን ወጣ፣ ሆስፒታል አደረ፣
ሲመለስ የኔው ነገር በሰው እጅ ተለውጦ ነበረ።
ነርስ ናት መሰለኝ፣ ይርገዱን ባሳመምኩበት
«በዚህ ኪኒን ወባ አይድንም» ብላ ሰርዛ ሌላ አዘዘችላት፤
አንድ ባለ ጋሪ «በዚህ አይኬድም እቴ፣ በአጂፕ ዞረሽ ነይ»
ብሎ መንገድ አቀናላት፤
ሌላው ጎረቤት አመጣላት፣
በየጠዋቱ በአጥር ላይ «አካም ቡልቴ» የምትላት።
አንዱ ለፖሊስ ዳራት።
ያንን ሠርግ ቀደድኩት።

በአረንጓዴ የሚጽፍ ነበረ፣ ወይም የምትጽፍ፣
ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ ነፋስ የሚገፋው ዓይነት፤
ሳያስፈቅደኝ ልጅ ሰጣት። ሴት ልጅ።
«ሰሚራ» አላት፣ ጎረቤቲቱ ናት ስም ያወጣችላት።
ቀናሁ። ልሰርዛት ቀይ ይዤ ተቀመጥኩ፣
ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ስትወረውር አገኘኋት፤
ቀዩን ከደንኩ።

ጋሽ ሚፍታህ ሞተ። ሱቁ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። መጽሐፉን እንጃ።
እኔ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማኅተም መቺ ነኝ።
ባለፈው ክረምት ከስጦታ ካርቶን ውስጥ
ሽፋን ያላት፣ ደራሲ ያላት፣ ሙሉዋ ይርገዱ ወጣችልኝ።
ቆሜ ነው ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን ያነበብኩት፦
«ተመልሳ ከጎኑ ተኛች።»
ሃያ ገጽ አልቆየች፤ ሞተች።
በደንብ ተጽፏል፣ አልክድም።
ደራሲው መብቱ ነው፤ እሱ ነው የወለዳት።
አላሳደጋትም እንጂ።

መቅደድ አማረኝ። ግን ደመወዜ መጽሐፍ መጠበቅ ነው፤
ማኅተም መታሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣
ከሁለቱ ገጾች መሃል ቁራጭ ወረቀት አስገባሁ፦
«ከዚህ ወዲያ ያለውን የጅማ ሰው አያውቀውም።»

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ።
ማን እንደተዋሰው መዝገቡ ይነግረኝ ነበር፤ አልገለጥኩትም።
ቁራጯ ወረቀት አለች።
ከሥሯ በአረንጓዴ፣ በዚያ ነፋስ በሚገፋው ፊደል፦
«ሰሚራ ስምንተኛ ክፍል ገባች።
ሒሳብ ያስቸግራታል።»